ላሟ አትጾምም

ቲክቶክ ላይ የምግብ ቪዲዮ ማየት የምትወዱ ከሆነ ፓስቲልያስ ዴ ሌቼ የሚባለው የፊሊፒንስ ጣፋጭ አንድ ቀን ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። አሠራሩ ቀላል ነው። ወተት እሳት ላይ ይጣዳል፣ ስኳር ይጨመርበታል፣ ውሃው ተኖ እንደ ሊጥ እስኪጠብቅ ድረስ ይማሰላል። በረድ ሲል በእጅ እየተድቦለቦለ ትንንሽ ጥቅል ይሠራና ስኳር ላይ ተንከባሎ በስስ ባለቀለም ወረቀት ይጠቀለላል። በቃ። ዱቄት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ኦቨን አይፈልግ።

ዝነኛው የሚመጣው ከማኒላ በስተሰሜን ካለው ከቡላካን ክፍለ ሀገር፣ ሳን ሚጌል ከምትባል ከተማ ነው። ዋናው ፓስቲልያስ የሚሠራው ካራባው ከሚሉት የውሃ ጎሽ ወተት ነው። ካራባው ማሳ የሚያርስ እንስሳ ነው፤ የእኛን የእርሻ በሬ አስቡት። የሴቷ ወተት ጥቂት ነው፣ ስቡ ግን ከፈረንጅ ላም ወተት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። አገሩ ሞቃት ነው፣ ድሮ ፍሪጅ የለም፣ ጠዋት የታለበ ወተት ማታ አይደርስም። ገበሬው ምን ያድርግ? አፈላው፣ ስኳር ጨመረበት፣ ጠቀለለው። ስኳሩ የቀረውን ውሃ ጠፍሮ ስለሚይዘው ባክቴሪያ የሚራባበት ነገር ያጣል። የዛሬ ወተት የሚቀጥለው ሳምንት ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው።

የአሠራር ቪዲዮ በሽ ስለሆነ እኔ ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም። እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ፊሊፒንስ ከምትፈልገው የወተት ምርት አገር ውስጥ የምታመርተው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ከውጭ ትገዛለች። ያቺው አገር ከወተት የተሠራ፣ ስም ያለው፣ እንግዳ ይዞት የሚሄድ ጣፋጭ አላት። እኛ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ይዘን፣ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ተርታ ተሰልፈን፣ በሁዳዴ ወተት የሚገዛን አጥተን እንለምናለን።

«እንለምናለን» ያልኩት አጋንኜ አይደለም። የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ከጀርባችን ነው። በሠፈራችን አሁንም ላም የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደጋችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ ግን ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ፣ በጠባብ ጋጣ፣ አንድ ወይም ሁለት ዲቃላ ላም ይዘው ልጅ ያሳደጉና ያስተማሩ እናቶች አሉ። ከመካከላቸው አንዷ ጎረቤቴ ናቸው። ሠፈሩ እማማ ነው የሚላቸው። ሁለት ላም አላቸው። በፍስክ ጊዜ ደንበኛው ጀሪካኑን ይዞ በር ላይ ይሰለፋል፤ ዘግይታችሁ ከመጣችሁ «አለቀ» ይሏችኋል። ሁዳዴ ሲገባ ያ ሰልፍ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። በፍስክ ከእሳቸው የሚረከበው ሰብሳቢም «እኛም ጋ አልተሸጠም» ይልና ግማሹን ብቻ ይወስዳል፤ ያውም ዋጋ ቀንሶ። የዛሬ ዓመት ለምን አልባችሁ አትተዉትም ብዬ እንደ ከተሜ ስጠይቃቸው ስቀውብኝ «ልጄ፣ እኔ እጾማለሁ፤ ላሟ አትጾምም» አሉኝ። ላም ካልታለበች ትታመማለች። መኖዋንም አታቋርጥም።

በኢኮኖሚክስ ክፍል ፍላጎትና አቅርቦት ሲገናኙ ዋጋ ይወሰናል ተብለን ተምረናል። ትክክል ነው፤ ግን እኔ እስክመረቅ ድረስ ማንም አጥብቆ ያልነገረኝ ነገር አለ። ከሁለቱ ተገበያዮች እቃው እየተበላሸበት ያለው ሰው የመደራደር አቅም የለውም። ገዥው ነገም መምጣት ይችላል፤ የእማማ ወተት ግን ነገ የለም። ስለዚህ በሁዳዴ የወተት ዋጋ የሚወርደው ጿሚው ስለቀረ ብቻ አይደለም፤ የቀረው ገዥ ሁሉ ሻጩ ማምሸት እንደማይችል ስለሚያውቅ ጭምር ነው።

እስቲ ቀኑን እንቁጠረው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ምዕመኑ የሚጾማቸው ቀናት በዓመት 180 ገደማ ይደርሳሉ፤ ካህናቱና መነኮሳቱ የሚጾሙትን ስንጨምር ወደ 250 ይጠጋል። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የነቢያት ጾም፣ ከበዓለ ሃምሳ ውጭ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ። ጾሙ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ እኔም እጾማለሁ። ነገር ግን የወተት ገበያችን የዓመቱን ግማሽ የሚጎዳው ቀኑ በሚታወቅ ነገር መሆኑ ያስገርማል። ድርቅ አይደለም፣ ጦርነት አይደለም፣ የዶላር እጥረት አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ለመቶ ዓመት አስቀድሞ የሚነግረን ቀን ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ የሚገባው ክረምቱ አልፎ፣ ሣሩ ጠግቦ፣ ላም በደንብ በምትሰጥበት ሰሞን ነው።

አያቶቻችን ይህን አላወቁም ነበር? በደንብ ያውቁ ነበር። መልሳቸው ቅቤ ይባላል። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ተሞቆ አይብ ይሆናል፣ አጓቱ ለቤተሰብ ወይም ለጥጃ ይተርፋል። ቅሉ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ለሽታ ብቻ የሚመስላችሁ ካለ ጢሱ ጀርም ይቀንሳል። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ተነጥሮ ወራት ይቆያል። በሁዳዴ የታለበው ወተት ቅቤ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል፤ በፋሲካ ደግሞ የቅቤ ዋጋ የት እንደሚደርስ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ይህ የገጠር ሴቶች ባንክ ነው። ሸኖን አስቡ። የሸኖ ቅቤ በደብረ ብርሃን መንገድ ሰንዳፋን አቋርጦ በኮተቤ በኩል ወደ ከተማ ይገባና ሾላ ገበያ ላይ ይዘረገፋል። ሁሉም የሚያውቀው ስም ነው። እና ኢትዮጵያዊ ወተት ማቆየት አያውቅም የሚል ካለ ሾላ ገበያ አንድ ቅዳሜ ይዋል።

ታዲያ ለእማማ ቅቤው ለምን አልሆነም? ሂሳቡን አብረን ሠርተነዋል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት እንደ ላሟ ዘርና እንደ አናናጡ ከ16 እስከ 25 ሊትር ወተት ይፈልጋል። የአገሬ ላም በቀን የምትሰጠው ከ2 ሊትር በታች ነው፣ ወተቷ ግን ስብ አለው፤ ለመናጥ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። የከተማዋ ዲቃላ ላም ደግሞ ብዙ ትሰጣለች፣ ወተቷ ቀጭን ነው። የተመረጠችው ለሊትር እንጂ ለቅቤ አይደለም። መኖዋ ይገዛል፣ ውሃዋ ይገዛል፣ ድርቆሹ በመኪና ይመጣል። ወተቱን ንጠው ቅቤ ቢሸጡ ፋጉሎውን እንኳ አይችልም። ገጠር ላይ የሚሠራው መፍትሔ ከተማ ሲገባ ተሰበረ፤ በምትኩ ሌላ አልመጣም።

ሌላ ይመጣል ተብሎ የታሰበውም እዚሁ የካ ውስጥ ነበር። ሾላ ለእናንተ ገበያ ወይም ታክሲ ተራ ሊሆን ይችላል። ለአገሪቱ ዘመናዊ ወተት ግን መነሻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ኡንራ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። ዛሬ በየጋጣው የምናያቸው ነጭና ጥቁር ዲቃላዎች ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ዩኒሴፍ ያኔ የከተማዋ ዳር በነበረችው ሾላ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋመ። መጀመሪያ ከትልልቅ እርሻዎች ይቀበል ነበር፣ ቆይቶ ከትንንሾቹም መሰብሰብ ጀመረ። ስሙና ባለቤቱ ተቀያየረ፤ በደርግ ጊዜ የወተት ልማት ድርጅት ተባለ፣ በኋላ ወደ ግል ተዛወረ። ፌስታሉ ላይ ያለው ስም ግን ዛሬም «ሾላ» ነው።

ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፏል። ሌሎች ብራንዶችም ገበያውን ተቀላቅለዋል። ሆኖም ሱቅ ስትገቡ የምታገኙት የአገር ውስጥ ወተት አብዛኛው አሁንም በፌስታል የታሸገ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚቆይ ፓስቸራይዝድ ወተት ነው። እርጎ አለ፣ ቅቤ አለ፣ አይብ አለ። ወራት የሚቆየው የዱቄት ወተት ግን አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ይህን በደንብ አስቡት፤ በሁዳዴ የራሳችንን ወተት ገዥ አጥተን፣ መደርደሪያው ላይ በዶላር የተገዛ ወተት ተደርድሮ ይቆያል። በኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተት እንድናመርት ብዙ ገፍቶናል፣ ጥሩ ነው። ብዙ ወተት ማለት ግን በጾም ብዙ የማይሸጥ ወተት ማለትም ነው። ስለ ላሟ ብቻ አውርተን ስለ ሁለተኛው ቀን ካላወራን ሥራው ግማሽ ነው።

ወደ ጣፋጩ ልመለስ። ወተትና ስኳር ከተገናኙበት የዓለም ክፍል ሁሉ ይህን የሚመስል ነገር አለ። ሕንድ የማቱራ ፔዳ አላት፤ ላቲን አሜሪካ ዱልሴ ዴ ሌቼ አላት፤ አሜሪካዊው ጌይል ቦርደን እ.ኤ.አ. በ1856 በቆርቆሮ የሚታሸገውን የጠበቀ ወተት ፓተንት አወጣበት። ሁሉም የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው፤ ወተት 87 በመቶው ውሃ ነው፣ ውሃውን አስወጣው። እኛ ጋ ለምን አልተወለደም? የእኔ ግምት ስኳር ዘግይቶ ስለመጣ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት የአገሬው ጣፋጭ ማር ነበር፤ ማሩ ደግሞ ወደ ጠጅ ነው የሚሄደው። ማር እርጥበት ስለሚስብ ወተቱን እንደ ስኳር አያደርቀውም። ስኳሩ ሲመጣ ደግሞ ሻይ ቀድሞ ወሰደው። እና ከረሜላ አለን፣ ደስታ ከረሜላ የማያውቅ የለም፤ የወተት ጣፋጭ ግን የለንም።

ፓስቲልያስን ለሠፈራችን ያስተዋወቀው ግን ቲክቶክ አልነበረም። ቤይሩት ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች የሠፈራችን ልጅ ናት። እዚያ አንድ ሕንፃ ውስጥ ከሚሠሩ የፊሊፒንስ ሴቶች ጋር ጓደኛ ነበረች። እሁድ ፈቃድ ሲያገኙ ከዱቄት ወተትና ከቆርቆሮ ወተት ሳያበስሉ እየለወሱ ይሠሩት ነበር፤ አቋራጩ አሠራር እሱ ነው። «እነሱ አገራቸው ሲናፍቃቸው የሚበሉት ነገር አላቸው። እኛ ቆሎ ነበር የምንቆላው» አለችኝ። ስለ ዓረብ አገር ብዙ ተጽፏል፤ እዚያ ከሄዱት ሴቶች እጅ ላይ ስለቀረው ሙያ ግን የሚጠይቅ የለም። የፊሊፒንሱን፣ የሊባኖሱን፣ የሕንዱን ምግብ የሚያውቁ በሺዎች የሚቆጠሩ እጆች ተመልሰው በየሠፈሩ ተቀምጠዋል። ሲቪ ላይ የሚጻፍ ነገር ስላልሆነ አናየውም።

ባለፈው ሁዳዴ እሷና እኔ ከእማማ 2 ሊትር ገዝተን ሠራነው። እኔ የመጣሁት በሚዛንና በስልክ ካልኩሌተር ነው፤ እሷ በማማሰያ። ለአንድ ሊትር 120 ግራም ስኳር አደረግን። ከአንድ ሰዓት በላይ ተማሰለ፤ መጨረሻው ላይ ክንድ ይገነጥላል፣ እጅ ከተነሳ ድስቱ ሥር ይይዛል። ከአንዱ ሊትር የወጣው 280 ግራም ገደማ ነው። በ10 ግራም ብታድቦለብሉት 28 ፍሬ ማለት ነው። እንግዲህ የወተቱን፣ የስኳሩንና የኤሌክትሪኩን ዋጋ በዛሬው ሂሳብ አስገቡና ለ28 አካፍሉት። የፍሬው ወጪ ካፌ ውስጥ ከአንድ ማኪያቶ ጋር ቢቀርብ ማንም የማይጨነቅበት ነው። ዋጋውን እዚህ የማልጽፈው ነገ ስለሚቀየር ነው፤ የስኳርን ዋጋ አምድ ላይ ጽፎ የሚቆይለት ጸሐፊ የለም።

አሁን ወዳጆቼ ያነሱብኝን ክርክር ላንሳ፤ አንዳንዱ ከባድ ነው።

የመጀመሪያው፣ «ይሄም ፍስክ ነው፤ በጾም ማን ይበላዋል?» የሚል ነው። እውነት ነው። ከትኩስ ወተት የተሠራ ፓስቲልያስ ፍሪጅ ከሌለ ሳምንት ገደማ ነው የሚቆየው፤ 55 ቀን ጠብቆ ፋሲካ አይደርስም። ለዚያ በቆርቆሮ የታሸገ ወይም የበለጠ የደረቀ ነገር፣ ማለትም ፋብሪካ ያስፈልጋል። ግን አዲስ አበባ አንድ የጾም ካላንደር ያላት ከተማ አይደለችም። ባለፉት ሁለት ዓመታት፣ በ2017 እና በ2018፣ ሁዳዴና ረመዳን የገቡት በቀናት ልዩነት ነው። አንዱ ሠፈር ወተት አልገዛም ባለበት ወር፣ ሌላው ሠፈር ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምርና ጣፋጭ ይፈልግ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ታክሲ ርቀት። ወተቱ እዚህ ተበላሸ፤ እዚያ ደግሞ ጣፋጩ ከውጭ በመጣ ካርቶን ተሸጠ። መሃል ላይ የቆመ ነጋዴ አልነበረም። እንዳትዘናጉ ግን፣ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ይህ መገጣጠም እያለፈ ነው። በ2019 ሁዳዴ የካቲት 29 ሲገባ ረመዳን ማለቂያው ላይ ይሆናል። የሚቀሩት ግን ብዙ ናቸው፤ የማይጾሙ ፕሮቴስታንቶች፣ ሕፃናት፣ ቱሪስቶች፣ ለሠርግና ለልደት የሚያዝዙ።

ሕፃናት ካልኩ አይቀር፣ ሁለተኛውና እኔን በጣም ያሳሰበኝ ክርክር እሱ ነው። አንዲት የጤና ባለሙያ ጓደኛዬ «ልጆች ወተት በማያገኙበት ከተማ ከወተት ከረሜላ ትሠራለህ?» አለችኝ። ልክ ናት። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። በጾም የሚተርፈው ወተት መጀመሪያ ሊሄድ የሚገባው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ከተማ አስተዳደሩ ተማሪዎችን ይመግባል፤ በሁዳዴ ከየሠፈሩ ላም አርቢ ወተት ገዝቶ ለትንንሾቹ ቢያቀርብ ገዥም ተገኘ፣ ልጅም ጠጣ። ጣፋጩን የማነሳው ከዚያ በኋላ ለሚተርፈው ነው። ደግሞ ለእውነቱ፣ እማማ በሁዳዴ ማታ የሚተርፋቸው ወተት አሁንም ልጅ ጋ አይደርስም፤ ጎረቤት ወስዶ ያረጋዋል፣ ካልሆነም ይደፋል።

ሦስተኛውን ማንም አላነሳብኝም፤ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። አፍላቶክሲን። ጉርድ ሾላ አካባቢ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የሰበሰባቸውን 110 የወተት ናሙናዎች መርምሮ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው ወሰን፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ ከ0.5 በላይ ነበሩ፤ የወሰኑ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ወሬው የወጣ ሰሞን ሰው ወተት መግዛት ፈርቶ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። መነሻው መኖው ነው፤ በተለይ እርጥበት አግኝቶ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ። ላሟ ትበላዋለች፣ መርዙ ወደ ወተት ያልፋል። ማፍላት አያጠፋውም። እዚህ ላይ ደግሞ የእኔ ጣፋጭ ችግር አለበት፤ ውሃው ሲወጣ በወተቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠብቃል፣ መርዙም ጭምር። ሊትር ወተት ወደ 280 ግራም ሲወርድ በግራም ሲሰላ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። እርግጥ ሰው አንድ ሁለት ፍሬ እንጂ ሊትር ሙሉ አይበላም፤ ቢሆንም «ተፈጥሯዊ» ብላችሁ ኢንስታግራም ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ላሟ ምን እንደበላች እወቁ። ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም። የምርመራ መሣሪያ ግን አንድ አርቢ ብቻውን አይገዛም፤ ወተት መሰብሰቢያው ላይ ወረዳው ወይም ማኅበሩ ሊያቆመው ይገባል።

ነዳጁም አለ። ከአንድ ሊትር ወተት 800 ግራም ያህል ውሃ ማትነን፣ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ወደ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ቤት ባለው ምድጃ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት በሉት። በኤሌክትሪክ ከሆነ ችግር የለም። በማገዶ ከሆነ ግን ማገዶው የሚመጣው ከየት እንደሆነ ከቤቴ መስኮት ይታየኛል። እንጦጦን በአፄ ምኒልክ ጊዜ የገባው ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል፤ ያንን ቅርንጫፍ ከራሳቸው ክብደት በላይ አዝለው፣ ጎብጠው፣ ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ዛሬም አሉ። የአንዷን እናት ወተት ለማዳን የሌላዋን ወገብ መስበር ሂሳብ አይደለም። በሠፈር ደረጃ አንድ የጋራ የኤሌክትሪክ ማፍያ ቢኖር፣ የብዙ አርቢ ወተት ማታ ማታ ሊሠራበት ይችላል።

እንጦጦ ካልኩ ስለ ገበያው አንድ ነገር ልበል። ፓስቲልያስ የኖረው ስለጣፈጠ ብቻ አይመስለኝም። ፊሊፒንሶች ፓሳሉቦንግ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ከመንገድ የሚመለስ ሰው ለቤተሰብ፣ ለቢሮ ጓደኛ፣ ለጎረቤት የደረሰበትን አገር ስንቅ ይዞ ይመጣል። ቡላካን የሄደ ፓስቲልያስ ሳይዝ አይመለስም። በዚያ ላይ የሳን ሚጌል ሴቶች መጠቅለያ ወረቀቱን በመቀስ እየቀደዱ አበባና ጎጆ፣ አንዳንዴ ጽሑፍ ያወጡበታል፤ ፓባላት ይሉታል፣ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጣፋጩ ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀመጣል። እኛም እኮ ልማዱ አለን፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ባዶ እጁን ቢገባ ይታማል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ሰው እየጎረፈ ይወጣል። ፈረስ ይጋልባል፣ ይሮጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ይዞ የሚወርደው ምንድን ነው? ሴልፊ። ከእንጦጦ ሥር የታለበ ወተት፣ በእንጦጦ ማርያም ወይም በባሕር ዛፍ ምስል በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ አንዲት ትንሽ ካርቶን ውስጥ ቢሸጥ የሚገዛ የሚጠፋ አይመስለኝም። ግራፊክስ የሚችሉ፣ ሥራ ያጡ፣ ማታ ማታ ሎጎ እየሠሩ ፖርትፎሊዮ የሚሞሉ ጓደኞች አሉኝ። ይህን አምድ ከምታነቡት ውስጥም አላችሁ።

ስሙም ፓስቲልያስ መሆን የለበትም። የቤይሩቷ ልጅ «የወተት ድብልብል» ትለዋለች፤ ለእኔ ጆሮ ጥሩ ነው።

በስኳሩ ላይ ግን ማንንም አላታልልም። ሸማቾች ተሰልፎ በኪሎ የሚያገኝ ቤተሰብ ለንግድ የሚሆን ስኳር ከየት ያመጣል? በነጋዴ ዋጋ ከተገዛ ከወተቱ በላይ ትርፉን የሚበላው እሱ ነው። ኮሮሪማ ወይም ቡና ጨምሮ ጣዕሙን ከፍ ማድረግ፣ ስኳሩን መቀነስ ይቻላል፤ ስኳሩ ሲቀንስ ግን የሚቆይበት ቀንም ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ምግብ ሠርቶ በሕጋዊ መንገድ ለካፌ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እንደ ፋብሪካ የተለየ ሕንፃ ከተጠየቀ ነገሩ በር ላይ ያበቃል። ለሁለት ላም ባለቤት የሚመጥን ፈቃድ፣ ንጽህናውን በደንብ የሚቆጣጠር፣ ሕንፃውን ግን የማይጠይቅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ብር አይፈልግም፣ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። 15 ቀን አጭር ስለሆነ ለሙከራ ይመቻል። ከእማማ ጋር በቀን 4 ሊትር ተነጋግረናል፤ ዋጋው የጾም ሳይሆን የፍስኩ ዋጋ ነው፣ እሱ ላይ አልተደራደርንም። ፋጉሎውን ከጋጣው አውጥተን እንጨት ላይ አንስተነዋል። ሁለት ካፌዎች በናሙና እንቀበላለን ብለዋል፤ አንደኛው ባለቤት ሙስሊም ነው፣ ሌላኛዋ ጿሚ ናት፣ ለማይጾሙት ደንበኞቼ ይሆናል ብላለች። ወረቀቱን የምትቀድደው የዲዛይን ተማሪ የሆነች የአክስቴ ልጅ ናት። እሷ ላሟን ማድረግ ትፈልጋለች፣ የቤይሩቷ ልጅ ባሕር ዛፉን። እማማ ደግሞ ሁለቱንም ካዩ በኋላ «ቁልፉ ወተቱ ነው፤ ባዶ ወረቀትም ይበቃው ነበር» ብለው ወደ ጋጣቸው ገቡ።